ጠባቡ ብልቃጥ

ወረንጦ በቀን አርባ አንቴና ትቆርጣለች። ሃያውን ጠዋት፣ ሃያውን ከምሳ በኋላ። ተርቦቹን በረዶ ላይ አስተኝታ፣ አንገታቸውን በወረንጦ ጫፍ ቆንጠጥ አድርጋ፣ አንቴናቸውን ከሥሩ በምላጭ ትቀነጥሰዋለች። ተርብ ስላችሁ ያ ሰው የሚነድፈው እንዳይመስላችሁ። የእሷዎቹ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ለሰው ደንታ የሌላቸው ጥቁር ነገሮች ናቸው። አንቴናቸው ከዓይን ሽፋሽፍት ይቀጥናል። እሱን ነው እንግዲህ በርዝመቱ ሰንጥቃ ማይክሮስኮፕ ሥር የምታስቀምጠው።

ቅጽል ስሙን ያወጣላት የላቦራቶሪው ዘበኛ ነው፤ ዛሬ በመዝገብ ስሟ ቢጠሯት ዞር አትልም። እጇ አይንቀጠቀጥም። ምስጢሩ ደግሞ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ናት። ጣቲቱ ከመሃል ተሰብራ ወደ ውጭ ተጣማ ቀርታለች፤ ወረንጦ እሷን የማይክሮስኮፑ ጠርዝ ላይ ታሳርፍና እጇ በሙሉ ይጸናል። የሰበራት ሟቹ ባሏ ነው። ሾፌር ነበር፣ የጭነት መኪና። አንድ ቀን ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ጣቷን ወደ ኋላ አጠፋት፤ ቀጭ ስትል ራሱም ደነገጠ ይባላል። ደንግጦ ምን አደረገ? እራቱን ጨረሰ።

የምትሠራበት ክፍል ሁለት በር አለው፣ ተርብ እንዳያመልጥ። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ጣት የሚያካክሉ የመስታወት ብልቃጦች በሺህ ተደርድረዋል። ሥራዋ ማርባት ነው። የምታረባቸው ተርቦች ጎመን ለሚበላ አባጨጓሬ መድኃኒት ናቸው። ሴቷ ተርብ አባጨጓሬውን ስታገኝ አትገድለውም። ጀርባው ላይ ተቀምጣ መርፌዋን ትሰካና እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች። እጮቹ ሲፈለፈሉ መጀመሪያ ስቡን ይበላሉ፤ ልቡን ለመጨረሻ ያቆዩታል፣ ቶሎ ከሞተ ሥጋው ይበሰብስባቸዋላ። አባጨጓሬው ቅጠሉን እየበላ ይወፍራል። ለማን እንደሚወፍር አያውቅም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆዳው ሠላሳ ቦታ ላይ ይቀደድና ሠላሳ ነጭ ትል ይወጣል፤ እሱ ግን ገና አልሞተም፣ ራሱን ያወዛውዛል።

አዲስ የተቀጠረች ልጅ ይህን ስታይ ሮጣ ወጥታ አስመለሳት። ወረንጦ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ምሳዋን እየበላች ነበር።

"እንዴት ቻሉት እትዬ?" አለቻት ልጅቱ አፏን እየጠረገች።

"እሱ እኮ አይጮህም" አለች ወረንጦ። "እኔ የማልችለው የሚጮኸውን ነው።"

የክፍሉ አለቃ ዶክተሩ ነው። ዶክተሩ ጎመንም ገበሬም ጉዳዩ አይደለም፤ የእሱ ፍቅር ዕጢ ነው። የወንዱ ተርብ አንቴና ውስጥ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ ይወጣና አንቴናውን በአንቴናዋ ላይ ያሻሻል፤ ከዕጢው ጠብ የምትል ነገር አለች። ሴቷ ደስ ካላት አንቴናዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ደስ ካላላት ግን በኋላ እግሯ ፈንግላው ትበራለች። ዕጢውን በሙጫ ብትደፍኑበት ቀኑን ሙሉ ሲያሻሽ ቢውል አትሰማውም። ዶክተሩ ይህ ዕጢ በየትኛው ዘር መቼ እንደመጣ፣ በየትኛው እንደጠፋ ሲመረምር ጸጉሩ ሸበተ። ግድግዳው ላይ የስልሳ ዓይነት ተርብ የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ ተስሏል። ዕጢ ያለው ቅርንጫፍ ሰማያዊ፣ የሌለው ቀይ። ከሰማያዊዎቹ መሃል አንድ ቀይ ቅርንጫፍ አለች፤ የወረንጦ ተርብ ናት። ቅድመ አያቶቿ ዕጢው ነበራቸው፣ እሷ ግን ከሚሊዮን ዓመት በፊት ጣለችው ይላል ዶክተሩ። ስሙን ያስጠራችው እንዲያውም ያቺ ቅርንጫፍ ናት። ማስረጃው ከየት መጣ? ከወረንጦ ምላጭ ሥር። እሷ ትሰነጥቃለች፣ ዕጢ የለም፤ ትጽፋለች፣ የለም።

ወረንጦ አንድ ልጅ አለቻት፣ ሴት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ልጅቱ ለበያጅ ተዳረች። በያጁ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተጠበሰ፣ ሰው ፊት ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ነው። ቤቱ ሲገባ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልጅቱ ዓይኗ ተደፍኖ መጣች። በሦስተኛው ዓመት ሁለት የፊት ጥርሷን በመሐረብ ቋጥራ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ ወረንጦ አብልታ፣ አጥባ፣ እጇን ይዛ መለሰቻት። ምን ታድርግ ትሉ ይሆናል። እሷም ጣቷ የተሰበረች ለት ልጇን አዝላ እናቷ ዘንድ ሸሽታ ነበር፤ እናቷም አብልታ፣ አጥባ፣ እጇን ይዛ መለሰቻት። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ይህን ስል ግን ይቅር እያልኳት አይደለም።

ሸምጋዩ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ጋሼ ትላቸዋለች። የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ያስታረቁት ትዳር አይፈርስም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የሚፈርሰው ጥርስና ጎድን ብቻ ነው። የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ባልየውን ከበሩ ሥር ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ ተናዶ ቢወጣ እንዲመቸው ነው ይላሉ። ሚስቲቱን በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ጥጉ ላይ ያስቀምጧታል፣ ተከብራ እንድትቀመጥ። እሳቸው መሃል ሆነው ለስላሳ እየጠጡ ይናገራሉ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሴቲቱ እሺ እስክትል ድረስ። የማታልቅ ንግግር አላቸው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ዓይነት።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው አንድ ጎመን አምራች በካርቶን ሙሉ አባጨጓሬ ይዞ የመጣ ለት ነው።

"የእናንተ ተርብ ዋጋ የለውም" አለ ሰውዬው ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ እየጣለ። "አንድ ጊዜ ይሠራና ይጠፋል። ይኸው የራሴ ማሳ ተርብ፣ ማንም ሳያረባው ከዓመት ዓመት አለ። ልዩነቱን ንገሪኝ።"

ከአባጨጓሬዎቹ የወጡት ተርቦች ያው የእሷው ዓይነት ናቸው። የክንፉ ጅማት ያው፣ የእግሩ ቀለም ያው፤ ዶክተሩም አይቶ ያው ነው አለ። ወረንጦ ለወጉ ያህል አንድ ወንድ አስተኝታ አንቴናውን ሰነጠቀች። ማይክሮስኮፑን ስታይ ሦስት ዕጢ ተቀምጧል፣ ድብልብል፣ ጥግብ ያለ። ዓይኗን አሸች። ሌላ ሰነጠቀች፤ ሦስት። ሃያ ሰነጠቀች፤ ሃያውም ሦስት ሦስት። ከዚያ የራሷን ሃያ ሰነጠቀች። ባዶ።

ለማንም አልተናገረችም። ሰፊ ሳጥን ወስዳ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ ግድግዳው ወንፊት የሆነ፣ የራሷን ተርቦች ወንድም ሴትም ለቀቀችበት። በሌላ ሳጥን የማሳውን ለቀቀች፤ ሁለቱም ውስጥ አባጨጓሬ ጨመረች። ተርብ ላይ አንድ ጉድ አለ፤ ሴቷ ወንድ ሳይነካትም ትወልዳለች፣ የምትወልደው ግን ወንድ ብቻ ነው። ሴት ልጅ እንድታገኝ መገናኘት አለባት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማሳው ተርቦች ሳጥን ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ ወጣ። ከእሷ ሳጥን አራት መቶ አሥራ አንድ ተርብ ወጣ፤ አራት መቶ አሥራ አንዱም ወንድ። ሴቶቹ ሁሉ ከወንዶቹ አምልጠዋል ማለት ነው። ማምለጫ ሲያገኙ አንዷም እሺ አላለችም።

በማግስቱ ወረንጦ አንዲት የማሳ ሴት ተርብ እሷ ካረባችው ወንድ ጋር በጠባቡ ብልቃጥ ዘጋችና ማጉያ መስታወቷን ደቀነች። ወንዱ አንቴናዋን አልነካም። ዘሎ አንገቷን ነከሰ። ፈነገለችው፣ መስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ክንፏን ያዘ፣ ሥሩ ድረስ ተቀደደ። ወደ ላይ ሮጠች፣ ቡሽ ነው፤ ወደ ታች ሮጠች፣ መስታወት ነው። የኋላ እግሯን ነክሶ ጎተታት፤ እግሩ ተነቅሎ አፉ ውስጥ ቀረ። አርባ ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። ቀኝ አንቴናዋ ተሰበረ፣ ቀጥሎ ግራው። በመጨረሻ ዝም ብላ ቆመች፣ እሱም ያሻውን አደረገ።

እሺ አላለችም፤ ደከማት።

ወረንጦ ማጉያውን አስቀምጣ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። ከዶክተሩ ዛፍ አጠገብ በፍሬም የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ፣ የእሷ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው የተሰጣት። ያኔ ተርቦቹ በሰፊ ሳጥን ነበር የሚራቡት፤ ቦታ ይፈጃል፣ ሴቶቹም ወንድ እየመረጡ ጊዜ ይፈጃሉ። አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር በጣት ልክ ብልቃጥ ብንዘጋቸውስ ያለችው እሷ ናት። ያለ ምንም ውጣ ውረድ ሁሉም ተገናኙ፣ ሁሉም ወለዱ፣ አጨበጨቡላት። ሜዳ ላይ ዕጢ የሌለው ወንድ ዘር አይተካም፣ ሴቷ ትበርበታለች። ብልቃጥ ውስጥ ግን የት ትበራለች? የሚለማመጠውም የሚነጥቀውም እኩል ይወልዳል፤ እንዲያውም ነጣቂው ይቀድማል። ዕጢ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። በሦስት መቶ ትውልድ ውስጥ የማይጠቅመው ዕጢ እየጫጨ እየጫጨ ጠፋ። ሚሊዮን ዓመት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። የጣለችው ተፈጥሮ አይደለችም፤ ይህችው ጣተ ጠማማ ናት።

ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

አንቴናዎቹ የተለጠፉባቸውን የመስታወት ስላይዶች በትሪ ደርድራ ዶክተሩ ፊት አስቀመጠችና ነገሩን ከጥንቱ ነገረችው። ዶክተሩ ማይክሮስኮፑን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እሷን አየ።

"ማን አዘዘሽ?" አለ።

"ማንም። ግን እውነቱ ይኸው ነው ዶክተር።"

"እኔ ያልኩት እንዳለ ነው። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ በብልቃጥሽ።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የምስክር ወረቀቱን የፈረመው ማን ሆነና? ወረንጦ ግን "አዎ፣ በብልቃጤ" አለች። ይህ ይበልጥ አናደደው መሰለኝ፣ ትሪውን በክንዱ ጠረገው። አርባ ስላይድ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ ስባሪው መዳፏን ከአውራ ጣቷ ሥር ሸረከታት፣ ደሙ ጋዋኗ ላይ ወረደ። ዶክተሩ ደሙን ሲያይ "ሄደሽ ታከሚ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እጇን በፋሻ ጠቅልላ በጊዜ ወደ ቤቷ ሄደች። የወረንጦ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ አንድ በር። ስትገባ የልጇ ሽምግልና ለሦስተኛ ጊዜ ተጀምሯል። ልጇ ጥጉ ላይ፣ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል፣ አገጯ አብጦ፣ አንድ እጇን ጎኗ ላይ ጭና ተቀምጣለች። ስትተነፍስ ይቆራረጥባታል። ጎድኗ ነው። ጋሼ መሃል፣ ለስላሳ በእጃቸው። በያጁ ከበሩ ሥር፣ ወንበር ላይ፤ ወረንጦን ለማስገባት ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገና ከኋላዋ መለሰው።

"እንኳን መጣሽ" አሉ ጋሼ። "እያለቀ ነው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ እሱም ተጸጽቷል።"

"ተጸጽቻለሁ" አለ በያጁ፣ የለስላሳውን ቆርኪ እያገላበጠ።

"እንግዲህ እሺ በይ ልጄ" አሉ ጋሼ።

ልጅቱ ቀና አለች። እናቷን አላየችም። በሩን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ መልሳ አቀረቀረች። ወረንጦ ያን አስተያየት አወቀችው። ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም፣ እዚሁ ጥግ ላይ እሺ ብላ ነበር፤ ወረንጦም እሰይ ብላ ሻንጣዋን ተሸክማላታለች። ለካ እሺ አላለችም ነበር። ደክሟት ነበር።

"ጋሼ" አለች ወረንጦ፣ "ወንበሩን ከበሩ ያስነሱልኝ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ከዚያ ይጠይቃት። እሺ ካለችው አብራው ትሂድ፣ እኔ አንድ ቃል አልናገርም።"

"ጎረቤት ይሰማል እኮ።"

"ይስማ።"

በያጁ ፈገግ አለ። "እትዬ፣ የገዛ ሚስቴን ነው የሚከለክሉኝ?" አለና ተነሳ። ነገር ከማስረዘም ብሎ ይመስለኛል፣ በጋሼ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ልጅቱን ክንዷን ጨምድዶ ጎተታት። በተሰበረው ጎኗ በኩል ነው የጎተታት። ልጅቱ ጮኸች።

ወረንጦ የማትችለው ይህን ነው። የሰውዬው እጅ የልጇን ክንድ ጠቅልሎ ይዟል፤ አራቱ ጣቶች ገብተዋል፣ ትንሿ ግን ወጣ ብላ ቀርታለች። ወረንጦ ያችን ጣት ከሥሯ ያዘቻት። በሠላሳ ዓመት ያልተንቀጠቀጠ እጅ ያን ለትም አልተንቀጠቀጠም። በየት በኩል እንደምትሰበር ታውቃለች፣ ስትሰበር የምታሰማውንም ድምፅ ታውቃለች። ወደ ኋላ አጠፈቻት። ቀጭ።

ከዚያ በኋላማ ቤቱ ተገለባበጠ። በያጁ እየጮኸ በሌላው እጁ ፊቷን መታት፤ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላትማ ቅንድቧ ተተረተረ። ጋሼ "ኧረ በሕግ!" እያሉ መሃል ሲገቡ ክርን አገኛቸው፣ መነጽራቸው ከነክሩ ተበጥሶ በሰው እግር ደቀቀ። ወንበሩ ተገነጠለ። በያጁ የወደቀችውን ወረንጦን ሁለት ጊዜ በጫማው ሆዷን ረገጣት። ሦስተኛውን ሳያነሳ በሩ ከውጭ ተበረገደ። ጎረቤቷ ጫማ ጠጋኙ ነው፤ መዶሻውን እንደያዘ የበሩ መድረክ ላይ ቆመ። በያጁ መዶሻውን አየ፣ የተጣመመ ጣቱን በብብቱ አቀፈ።

"እገልሻለሁ" አላት ሲወጣ። "አንቺን ነው የምገልሽ።"

በሩ ክፍት ቀረ። ልጅቱ ጥጉን ለቃ በተሰበረው ወንበር ላይ ተራመደች። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ደሟ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቱ አልያዘችውም።

"ሁለቴ እጄን ይዘሽ የመለስሽኝ አንቺ ነሽ" አለች።

"አዎ። እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ጎኗን ይዛ ወጣች፤ ወደ ባሏም ሰፈር አልሄደችም፣ ወደ እናቷም አልተመለሰችም። የሥራ ባልደረባዋ ዘንድ እንደገባች፣ ክሊኒክ እንደወሰደቻት በሦስተኛው ቀን ተሰማ።

"ይኸው ትዳሩን አፈረስሽው" አሉ ጋሼ፣ የመነጽራቸውን ስብርባሪ እየለቀሙ።

"ይፍረስ" አለች።

ላቦራቶሪው ውስጥ ብልቃጦቹን ሁሉ በሳጥን ከታ ዕቃ ቤት አስገባቻቸው። የምስክር ወረቀቷንም አውርዳ እላያቸው ላይ ጣለችው። የቀድሞ ተርቦቿን ሰፊ ሳጥን ውስጥ ለቀቀቻቸው፤ የተወለደው ሁሉ ወንድ ብቻ ሆነ፣ እርስ በርስ ሲነካከሱ ሰንብተው ዘራቸው ጠፋ። በምትካቸው የገበሬውን ማርባት ጀመረች። ዶክተሩ አራት ቀን አኩርፎ በአምስተኛው መጣና "እስቲ ሃያ ስላይድ እንደገና ሥሪልኝ" አላት። ሠራችለት። ቀይዋ ቅርንጫፍ አጠገብ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረገ፣ ትንሽዬ፣ ከሩቅ የማትታይ። ይቅርታ እንዲህ ከሆነ ይሁን።

በያጁ ሁለቴ በሰፈሩ አልፏል፣ ጣቱ በጀሶ። ወረንጦ አንድ መዶሻ ትራሷ ሥር አስቀምጣለች። በሩን ግን እሷ ቤት ባለችበት ሰዓት አትዘጋውም። ጫማ ጠጋኙ "እብደት ነው" ቢላት "ይሁን" አለችው።

ከወር በኋላ እሑድ ከሰዓት ልጅቱ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ጥጉን አየችው፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋውን። ወረንጦ ግቢ ልትላት አፏን ከፈተችና ዋጠችው። አዲሱን ወንበር አንስታ ወደ ውጭ አወጣችላት፣ መንገዱ ዳር፣ በሁሉም በኩል ክፍት የሆነ ቦታ ላይ አስቀመጠችው፣ ራሷ ወደ ቤት ተመልሳ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቱ ብዙ ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች።